ብረት ያረፈበት ወይራ

እሑድ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፶፯

ብዕሩን የያዘችው ፀሐይወርቅ ናት፤ የልጄ የሁንዴሳ ሚስት። ቃሉ የኔ ነው፣ የቀጄላ። ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ሲሳሳቱ ብዙ አይቻለሁ።

የማታ ትምህርት ቤት ያለው አሜሪካዊ አስተማሪዋ «በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ» ብሏቸዋል። የምጽፈው የለኝም ብላ ስትነጫነጭ ሰማሁ። የኔን ጻፊ አልኳት። ለሱ የምታሳየው ሌላ ደብተር ይኑራት፤ ይሄ ግን የኔ ነው። ሳጥኔ ውስጥ ይቆለፋል። ያልኩትን እንዳለ ታስቀምጣለች። አታሳምርም።

ዛሬ... ምንም የለም። ጤፉ ደርሷል። ነገ አጨዳ እንጀምራለን። ጉልበቴን ብርድ ይዞታል። ዱላውን ጨረስኩ።

ዱላው የአስተማሪው ነው። ሚስተር ኬን ይሉታል፣ ጎፋ ተከራይቶ ይኖራል። ቤዝቦል የሚባል የአገሩን ጨዋታ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። የከተማ አናጢዎች ሦስቴ በባሕር ዛፍ ሠሩለት፣ ሦስቴ ተሰነጠቀ። «ላፍቶ ቀጄላ የሚባል ሽማግሌ አለ» ብለው ላኩት። ደህና አድርገው ነገሩት። ከላፍቶ እስከ ፉሪ የኔን ምርኩዝ ያልያዘ ሽማግሌ የለም። በወረቀት ሥሎ አመጣ። አየሁትና መለስኩለት። እጀታው ቀጭን፣ ጫፉ ወፍራም፤ ዘነዘና ማለት ነው። ይሄ ሥዕል ያስፈልገዋል?

በወይራ ሠራሁት። በመጥረቢያ ጠረብኩ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኩ፣ ቅቤ አጠጣሁ። ሲይዘው ፈረንጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እውነቴን ነው። ጻፊው።

«አባባ፣ ወይራውን ከየት አገኙት? እዚህ አገር ወይራ አልቋል እኮ» ትለኛለች አሁን።

ከላይ ነው። ከላይ ብለሽ ጻፊ። በቃ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር ፰

ቀኑን ሙሉ አጨዳ። ሁንዴሳ ወገቤን ይላል፣ በሠላሳ ዓመቱ። ሌላ የለም።


ዓርብ፣ ኅዳር ፲፩

ፀሐይወርቅ ወረቀት ይዛ መጣች። የመጽሐፍ ወረቀት ነው። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ አስተማሪው እያንዳንዱን ምዕራፍ አሳጥሮ፣ እንግሊዝኛውን አቅልሎ፣ በስቴንስል አባዝቶ ያድላቸዋል። ስለዚሁ ስለ ቤዝቦል ነው። ልብ ወለድ ነው አለች። ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ኳስ ይሄን ያህል ይዋሻል?

ነዶ እየከመርን ነገረችኝ። ኤሊስ የሚባል ተጫዋች አለ። አርባ ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ይሄን ሰውዬ ወደድኩት። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ አሮጌው ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ዱላ ሁሉ እየተሰበረ ሲያስቸግረው፣ አንድ ቀን እናቱ ገበያ ስትሄድ ጠብቆ የቤቱን ጉበን ነቀለ። ከበሩ በላይ የሚጋደመውን፣ አባቱ በእጁ የጠረበውን። ዱላ አደረገው። በዚያ ዱላ የመታው ኳስ ሁሉ ከሜዳ እየወጣ ጠፋ።

ጨዋታውንም አስረዳችኝ። መቺው የሚቆምበት ቦታ «ቤት» ይባላል። ኳሱን ይመታል፣ ይሮጣል፣ ሦስት ምልክት ረግጦ ዞሮ ቤት ይገባል። ቤት ከገባ አሸነፈ።

«መጀመሪያ ቤት ነበር አላልሽም?»

«ነበር።»

«ዞሮ እዚያው?»

«እዚያው፣ አባባ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ወጣ?»

ሳቀች። «አስተማሪውም ይሄንኑ ነው ጽፋችሁ አምጡ ያለን» አለች።


እሑድ፣ ኅዳር ፳

ሜዳው ወረድኩ። ወንዙ ዳር ያለው የግጦሽ ሜዳ። ዱላዬን ለማየት ነው እንጂ ኳሱ ግድ ሰጥቶኝ አይደለም። የማታ ተማሪዎቹ ነበሩ፣ ሚስተር ኬንም እጁን እያወናጨፈ ይጮህባቸዋል። አንዱ ጎልማሳ መጣና ዱላውን አነሣ። ትከሻው ላይ አደረገው። አቋሙን አውቀዋለሁ አልኩ... ከየት?

መታ። ኳሱ ወንዙን ተሻገረ። ሕዝቡ ሁሉ ጮኸ። እኔ ቁጭ አልኩ።

ሞልቱ ነው። የበንቲ ልጅ፣ ከፉሪ።

ፀሐይወርቅ፣ አንቺ ከመንዝ የመጣሽ ነሽ፣ ነገሩን በደንብ አታውቂውም። ጻፊ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው። ላፍቶና ፉሪ የገና ጨዋታ ገጠሙ። ወንድሜ ሮበሌ የበንቲን ወንድም ኢታናን ጆሮ ግንዱ ላይ በዱላ መታው። ሆን ብሎ ይሁን፣ ለኳሷ፣ ለሩሯ ሰንዝሮ ይሁን... እግዜር ይወቀው። ኢታና አላደረም። ዱላውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሎች አስታረቁን። በላፍቶና በፉሪ መሃል ጉብታው ላይ ካለው ወይራ ሥር። ከብት ከፈልን። ዱላውን ሰብረው እሥሩ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ጥምቀት ባለፈ ቅዳሜ፣ ሁለቱ ቤት እዚያ ወጥተን ከአንድ ዋንጫ እንጠጣለን። አንድ ሰው አልጠጣም ካለ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። እስካሁን ሁሉም ጠጥቷል። ሮበሌን ጣልያን ገደለው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከኔ ቀጥሎ ሁንዴሳ።

ከዚያ ቀን በኋላ ምርኩዝ እንጂ የጨዋታ ዱላ ጠርቤ አላውቅም ነበር።

ታዲያ ይሄን ለምን ጠረብኩ? ፈረንጁ «ካንተ በቀር የሚችል የለም» አለኛ።


ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፫

ትናንት አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፈላቸው። ጭብጥ። ምልክት። ጭብጥ ምንድነው አልኳት። «ታሪኩ ካለቀ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው» አለች። እሺ። ምልክትስ? «አንድ ነገር ሆኖ ሌላ ነገር የሚናገር።» እሺ።

«የኤሊስ ዱላ ምን ይናገራል?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ጉልበቱን አለ። ሌላው አባቱን አለ። እሷ «ቤቱን ተሸክሞ መዞሩን» አለች። ጎበዝ። ከዚያ ሞልቱ ተነሣ፤ እሱም እዚያው ክፍል ነው።

«ለጨዋታ ብሎ የቤቱን ጉበን የነቀለ ሰው፣ ቤቱን አፍርሶታል። ሲወድቅበት እንዳያለቅስ» አለ።

ከዚያ ተቀመጠ አለች።

ስለ መጽሐፉ ነው ያለው? ወይስ...

ዱላ ዱላ ነው አልኳት። እንጨት ነው። ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ሥራ መፍታት ነው። ጮኽኩባት። ለምን እንደጮኽኩባት አልገባትም። ለኔ ገብቶኛል። ዱላ ዱላ ብቻ ከሆነ እኔ ምንም አላደረግኩም። ግን እንደዚያ ከሆነ ዛፉም ዛፍ ብቻ ነው። ዛፉ ዛፍ ብቻ ከሆነ... ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ተማምነን ነው በሰላም ያደርነው?

«የትኛው ዛፍ?» ትላለች።

ዝም ብለሽ ጻፊ።


ሰኞ፣ ኅዳር ፳፰

ጉብታው ላይ ወጣሁ። ሦስት ቦታ አርፌ።

መናገር አለብኝ። ብዕሩን አጥብቀሽ ያዢ። የአስተማሪው ዱላ የተቆረጠው ከዚያ ወይራ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በመጋዝ፣ በገዛ እጄ።

ለምን አቆምሽ? ጻፊ።

ሽማግሎቹ ያን ቀን እንዲህ ነው ያሉት። «በዚህ ዛፍ ላይ ብረት ያሳረፈ፣ የኢታናን ደም መልሶ ቆፈረው።» ቆሜ ሰምቻለሁ። አሜን ብያለሁ። ግን ቅርንጫፉ ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው፤ ግንዱን አልነካሁም፤ ቅርንጫፍ ዛፍ አይደለም... እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እንደዚያ ያለ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ወይራ ሌላ ቦታ የለም። አገሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ደግሞ ሥራዬ እንዲታይልኝ ፈለግኩ። እውነቱ ይሄ ነው።

ዛሬ የወጣሁት የተቆረጠውን ለመሸፈን ነበር። ጭቃ ለውሼ ልለጥፍበት። ደረስኩ። ቀና አልኩ።

ተለጥፏል።

ጭቃና እበት፣ ተለውሶ፣ በእጅ ተዳብሶ፣ ደርቋል። የጣት ምልክት አለበት። ጣቴን አስጠጋሁት። የኔ አይደለም። ይሰፋል።

ማን ነው? ሰው አውቋል። አውቆ ዝም ብሏል። ለምንድነው ዝም ያለው? ቀን እየጠበቀ?

ደም ከሽማግሌ አይጠየቅም። እኔን ምን ያደርጉኛል፣ ዛሬ ነገ የምሞተውን? ከጎልማሳ ነው የሚጠየቀው፤ ከሁንዴሳ።

«ለሁንዴሳ ልንገረው?» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። አይሆንም አልኳት። ቢሰማ ዛሬውኑ ጦሩን ይዞ ፉሪ ይወርዳል። ማዪልኝ አልኳት። ማለች። ባሏ ነው፣ ልጄ ነው... እንዲህ ያለ መሐላ ሰው ያስምላል?


ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፪

ነፋስ ገነጠለው እላለሁ። የዋንጫው ቅዳሜ ደርሶ ሲጠይቁኝ፣ ነፋስ ነው እላለሁ።

ነፋስ መጋዝ አይዝም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ ፯

ወፍጮ ቤት። ሰልፍ ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ። ዞርኩ። ሞልቱ።

«ኦቦ ቀጄላ፣ እንደምን አደሩ?»

«ደህና።»

«ያች ዱላ ግን ጉድ ናት! እጄ ላይ ትሞቃለች። እንዲህ ያለ ወይራ ከየት መጣ? አባቴን ብጠይቀው ምን አገባህ ብሎ ተቆጣኝ።»

«ከላይ ነው» አልኩ።

«ከላይ የት?»

ሳቅ ብሏል። ጥርሱ የኢታና ነው፣ ፊት ለፊት ፍንጭት። ጤፌን አንሥቼ ሳላስፈጭ ወጣሁ። ባለወፍጮው ማሞ ከበር ላይ ይጮኻል፦ «አባባ ቀጄላ! ጥሬውን ሊቆረጥሙት ነው?» ሕዝቡ ሳቀ። በሕይወቴ ወፍጮ ቤት ተስቆብኝ አያውቅም።

መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እያየሁ መጣሁ። የተከተለኝ የለም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፫

አውድማ ላይ ነን። በሬዎቹ ሲያርፉ ፀሐይወርቅ አዲሱን ምዕራፍ ነገረችኝ። ባትነግረኝ ይሻል ነበር።

የኤሊስ እናት ከገበያ ስትመለስ ጉበኑ የለም። ማን ወሰደው አለች። ኤሊስ «ምስጥ በልቶት ነው፣ ነቅዬ ጣልኩትና ከጭቃው ሥር ሌላ አጋደምኩበት» አላት። አመነችው። ልጇ ነዋ። በዚያ በር ስትወጣ ስትገባ ከረመች። አንድ ቀን ከበሩ በላይ ያለው ሁሉ ተደርምሶ እግሯ ላይ ወረደ። እሱ በዚያው ሰዓት ሜዳ ላይ ነበር። ኳሱን መትቶ፣ ሦስቱን ምልክት ዞሮ፣ ቤት ሲገባ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል።

«እሱን እያጨበጨቡ ቤት አስገቡት፣ እሷ ግን መግቢያ የላትም። ጭብጡ እዚህ ላይ ነው» አለች።

በመጀመሪያ ጉበን ለዱላ አይሆንም አልኳት። ጭስ አድርቆታል፣ ምስማር በልቶታል። ይሰነጠቃል። «በሚቀጥለው ምዕራፍ ይሰነጠቃል አሉ» አለች። ታዲያስ! የጻፈው ሰውዬ እንጨት ያውቃል።

ኤሊስ ምስጥ ነው አለ። እኔ ነፋስ ነው ልል ነው። ውሸቱ ሳይሆን እኮ... በሩ ነው። ጉበን የለውም ቢሏት በዚያ በር አትገባም ነበር። ሁንዴሳስ? ጉበን በሌለው በር እያስገባሁት አይደለም?

ቀኑን ሙሉ በሬዎቹን ያለ ምክንያት ገረፍኩ።


ኀሙስ፣ ታኅሣሥ ፳፪

ሁንዴሳ በገና ዕለት ቤዝቦል ልጫወት ነው አለ።

«ማን ጠራህ?»

«ሞልቱ።»

«ለምን በገና?»

«የበዓል ቀን ስለሆነ ነዋ አባዬ! መቼ ይጫወቱ፣ በአጨዳ?»

አትሄድም አልኩት። ሳቀ። ደገምኩለት። መሳቁን ተወ። «የሠላሳ ዓመት ሰው ነኝ። ምክንያቱን ንገረኝና እቀራለሁ» አለ። ምክንያቱን! ፀሐይወርቅ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ዓይኔን ወደ ምድር አደረግኩ።

ሁንዴሳ ጋቢውን አንሥቶ ወጣ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፴

ትናንት ገና ነበር። አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ዛሬ ነው የምናገረው።

ሜዳው ሞልቷል። ከላፍቶም ከፉሪም። በንቲ ማዶ ቆሟል፣ ነጭ ለብሶ። ጨርሶ ወደ ሜዳው አያይም። እኔን ነው የሚያየኝ።

ሞልቱ ዱላውን ይዞ ገባ። ሚስተር ኬን ሁንዴሳን ጠርቶ የወፈረ የቆዳ ጓንት አጠለቀለትና አስቀመጠው። የት? ከሞልቱ ኋላ! ቁጢጥ ብሎ፣ ጭንቅላቱ ከዱላው ክንድ በማይሞላ ርቀት። የወረወሩትን ኳስ የሚቀልበው እዚያ ተቀምጦ ነው፣ ደንቡ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣው ማን ነው?

ሞልቱ ዱላውን ወደ ኋላ ሳበ። አየሁ። ሮበሌን አየሁ። ኢታናን አየሁ፣ ቁጢጥ ብሎ ሩሯን ሲፈልግ። ሁንዴሳ ይስቃል ደግሞ።

መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ሜዳው መሃል ነኝ። ሁለት እጄ ዱላው ላይ ነው። ሞልቱ አልለቀቀም፣ ደንግጦ ነው።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ምን ሆኑ?»

«ልቀቅ!»

«ይልቀቅላቸው፣ ሽማግሌው ሊመቱ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሞልቱ ለቀቀ። ዱላውን ታቅፌ በሕዝቡ መሃል ወጣሁ። ሚስተር ኬን እየተከተለ በተሰባበረ አማርኛ «አባት፣ አባት፣ ችግር ምንድነው?» ይለኛል። ምን ልበለው?

በንቲ አልሳቀም። ፊቱ ቢጫ ሆኗል።


ሰኞ፣ ጥር ፫

ሁንዴሳ አያናግረኝም። አንገቴን አስደፋኸኝ አለ፣ አንዴ። በቃ።

ዱላው አልጋዬ ሥር ነው። እዚያ እንዳለ እያወቅኩ አልተኛም።

ሁለት ሳምንት አልቀረውም፣ ቅዳሜው ሊደርስ። ከዚያ በፊት ለበንቲ ራሴ ብነግረው? ጭቃውን የለጠፈው ማንም ይሁን፣ ከኔ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ቢያስገድለኝስ? ያስገድለኝ። የሚፈራው እሱ አይደለም።


ኀሙስ፣ ጥር ፮

ነገርኩት። ፉሪ ሄጄ። የተነጋገርነው በቤታችን ቋንቋ ነው፣ አንቺ በአማርኛ ጻፊው።

በጠዋት ወጣሁ። ወንዝ ዳር እርጥብ ሣር ነጨሁ። ከበንቲ አጥር ውጭ ድንጋይ መርጬ ማጅራቴ ላይ አደረግኩ፣ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው። ድፍን ላፍቶን ያኮራሁ ሰውዬ። ቆምኩ። መግባት አይፈቀድም፣ ካልጠሩኝ።

ሚስቱ አማከለች እንስራ ይዛ ወጣች። አየችኝ። እንስራውን አስቀምጣ ሮጣ ገባች። በንቲ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ድንጋዩን አውርደው» አለ። «አንገትህ ይሰበርና ደግሞ በኔ ይመካኛል።»

«ሳልናገር አላወርድም። ወይራው ላይ ብረት አሳርፌበታለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ድንጋዩ ከላዬ ወደቀ። አላወረድኩትም፣ ወደቀ።

«ጥቅምት ሳያልቅ ጊደር ጠፍታብኝ ስፈልግ ነው ያየሁት። ያንተ መጋዝ ጥርሱ አንድ ቦታ ጎዶሎ ነው፤ እንጨት ላይ ጭረት ይተዋል። አብረን ስንት ቤት ሠርተንበታል፣ ቀጄላ? መጋዝህን የማላውቀው መሰለህ?»

«ጭቃውን...»

«እኔ ነኝ። ሞልቱ እንዳያየው ብዬ። ዝናብ ሲያጥበው ደግሜ እለጥፋለሁ። እበትና ጭቃ ይዤ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሌባ።»

እጁን አየሁ። ሰፊ ነው።

ሁለታችንም አጥሩ ሥር ተቀመጥን።

«በገና ዕለት እኔም ልነሣ ነበር፣ ቀደምከኝ» አለ። «ልጁ እሳት ነው። ኢታናን ሳያየው በኢታና ታሪክ ነው ያደገው፤ እናቴ እያለቀሰች ነው ያሳደገችው። አንተ የሚሞትብህን ፈርተህ ከረምክ። እኔ የሚገድልብኝን።»

ይሄን ሲል... አላሰብኩትም ነበር። አንድም ቀን።

«ዝም እንበል» አለኝ። «ያን ቃል የተናገሩት ሽማግሎች አልቀዋል። የቀረነው አንተና እኔ ነን። እኛም ስንሄድ ነገሩ አብሮን ይቀበራል።»

አይሆንም አልኩት። አንድ ሰውዬ የእናቱን በር ጉበን ነቅሎ ምስጥ በላው ብሎ ዋሸ፤ እሷም ሳታውቅ በዚያ በር ስትመላለስ ተደረመሰባት አልኩት።

«የየት አገር ሰውዬ?»

«የመጽሐፍ ነው።»

«አሁን ደግሞ መጽሐፍ ጀመርክ?»

ግን አልሳቀም። ሣሩን ከእጄ ወሰደው። መሃል ለመሃል ከፍሎ ግማሹን መለሰልኝ። «ቅዳሜ አንተ ትናገራለህ። እኔም እናገራለሁ። ከዚያ እግዜር ያውቃል» አለ።

ግማሹን ሣር ይዤ ወደ ላፍቶ ተመለስኩ።


ቅዳሜ፣ ጥር ፲፭

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርስ። ሰምተሻል፣ አይተሻል፣ አንቺም እዚያ ነበርሽ። ቢሆንም እኔ እንዳየሁት ጻፊው።

አሥራ አንድ ሰው ነበርን፣ ከሁለቱም ቤት። አማከለች ዋንጫውን ሞልታ ያዘች። ከመጠጣታችን በፊት ተነሣሁ። ተናገርኩ። አላሳጠርኩም፣ ሥራዬ እንዲታይልኝ ብዬ ነው ያልኩትን እንኳ አልዘለልኩም። በንቲ ቀጠለ፤ የጭቃውን ነገር ተናገረ። ሁንዴሳ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን። አንቺ ወደ መሬት አየሽ።

ሞልቱ ተነሣ። ወደ ዛፉ ሄደ። ጭቃውን በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ቆርሶ ቆርሶ ጣለው። የተቆረጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ከወር በላይ እጄ ላይ ነበር» አለ። ለማን እንዳለ አላውቅም። ከዚያ ዞረ። «ዱላው የት አለ?»

በጋቢዬ ጠቅልዬ ይዤው ነበር።

«ይስጡኝ።»

«ሞልቱ!» አለ በንቲ።

ሁንዴሳ አጠገቤ ነው፣ ክንዱ ክንዴን ይነካል። ብሰጠው... ባልሰጠውስ? ካልሰጠሁት ምኑን ነገርኩት?

ሰጠሁት።

በእጁ መዘነው። አንድ እርምጃ ወደ ሁንዴሳ ቀረበ።

«ገና ዕለት ከኋላዬ ስትቀመጥ ታውቅ ነበር?» አለው።

«አላውቅም» አለ ሁንዴሳ።

«እኔም አላውቅም። እነሱ ያውቃሉ፣ እኛ እንጫወታለን!» ጮኸ። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። በእኛ በሁለታችን ላይ ነው የጮኸው፣ በሽማግሎቹ። በንቲ ራሱን ያዘ። ሞልቱ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ዱላው እጁ ላይ ነው። እኔ ዱላውን ብቻ ነው የማየው።

ከዚያ እጀታውን አዙሮ ለሁንዴሳ ዘረጋለት።

«ነገ ጨዋታ አለ። አንተ ትመታለህ። ከኋላህ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሁንዴሳ ወዲያው አልተቀበለውም። ዱላውን አየ፣ ሰውየውን አየ። ከዚያ ተቀበለ።

ሞልቱ ዋንጫውን ከእናቱ እጅ ወስዶ ጠጣ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለሁንዴሳ ሰጠው፤ ሁንዴሳም ጠጣ። ለኛ ለሽማግሎቹ ሲያቀብለን ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ከእናንተ ጋር ግን ገና አልጨረስኩም» አለ። ልክ ነው። ጠጣን።

ቁልቁል ስንወርድ ሁንዴሳ ከፊት ከፊት ሄደ። አንድ ቦታ ድንጋይ ሲያዳልጠኝ ግን ቆሞ እጁን ሰጠኝ።

ነገ ሜዳው እወርዳለሁ። ዱላው ልጄ እጅ ላይ ነው። ከኋላው የሞልቱ ጭንቅላት አለ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ሁንዴሳ ደግሞ ቤዝቦል አልለመደም፣ ሲሰነዝር ዓይኑን ይጨፍናል። እስከዛሬ የሚሞትብኝን ነበር የምፈራው። ነገ የበንቲን ፍርሃት እፈራለሁ። በንቲ አጠገብ ነው የምቆመው።

በቃ። ብዕሩን አስቀምጪ። ሁንዴሳን ጥሪው፣ በረት ነው ያለው። እዚህ ይቀመጥ፣ ይሄ በርጩማ ላይ። ይሄን ደብተር አያውቀውም።

ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልን።